ምስር ባህር ዳርቻ ላይ የጠፋችበት ሰሞን

ረቡዕ

ግፊት 136 በ82። እርምጃ ሁለት ሺህ አይሞላም፤ ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ነበርን። የልጄ ውሻ ማኮን ከተማ ሳንደርስ የኋላ ወንበሬ ላይ አስመለሰች።

ሊዲያ «ሶሪ አባዬ፣ መኪና አይስማማትም» አለች። ድሮ ቢሆን እናገር ነበር። ነዳጅ ማደያ ቆመን በወረቀትና በውሃ ጠረግኩት። አሁንም ይሸታል።

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ነርስ «ግፊትህን፣ እርምጃህን፣ የተሰማህንም በየቀኑ ጻፍ» ነው ያለችኝ። የልቤን ደም ሥር የሚከፍት ስቴንት የሚሉት ቱቦ ከገባልኝ ሦስት ወር ሆነ። «የተሰማህ» የሚለው ላይ እስከ ዛሬ «ደህና» እያልኩ ነው የማልፈው። እዚህ ጊዜ ስላለኝ እስቲ እውነቱን ልጻፍ። የተሰማኝ ፍርሃት ነው። ከገዛ ልጄ ጋር አምስት ሌሊት ብቻችንን ልናድር ነው፤ የምንለው ነገር እንዳናጣ ፈራሁ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ሊዲያ የፋርማሲ ትምህርቷን ግማሽ ላይ ጥላ ደንዉዲ የሚባል ከተማ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ሥራ ገባች። የፋሲካ ዕለት፣ እንግዳ በተሰበሰበበት፣ «ይህን ሁሉ ዓመት የኤርፖርት ሻትል የነዳሁት ለካ ልጄ ውሻ እንድታጥብ ነው» አልኩ። እንግዶቹ ሳቁ። እሷ የጎረሰችውን እንኳ ሳትውጥ ጃኬቷን አንስታ ወጣች። ከዚያ በኋላ የበዓል ሰላምታ ብቻ፣ እሱም በእናቷ በኩል።

ኤርፖርት የመንገደኛ ሻንጣ እንደያዝኩ ስወድቅና ሆስፒታል ውስጥ ዓይኔን ስገልጥ ግን አጠገቤ ወንበር ላይ የነበረችው እሷ ናት። ሦስት ቀን ከዚያ ወንበር አልተነሳችም። ስለዚያ የፋሲካ ቀን እሷም አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁም።

ዶክተሩ መራመድ አለብህ አለኝ። አትላንታ አጠገብ፣ ክላርክስተን ያለውን የአፓርታማችንን ፓርኪንግ ሁለቴ ዞሬ እገባለሁ። ሊዲያ «ሰልችቶህ ነው እንጂ ደክሞህ አይደለም» አለችና ይህን ጨዋታ አሳየችኝ። ጂኦካሺንግ ይሉታል። ሰዎች ትንንሽ ሣጥን ፓርክና ጫካ ውስጥ ይደብቃሉ፤ ቦታውን ስልክ ላይ ያስቀምጣሉ። ፈላጊው ሄዶ ያገኘዋል፣ ውስጡ ባለችው ወረቀት ላይ ስሙን ይጽፋል፣ መልሶ ይደብቀዋል። ሣጥኑን «ካሽ» ነው የሚሉት። መጀመሪያ ብር መስሎኝ ነበር።

«ታዲያ ምን ይገኝበታል?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ምንም። ማግኘቱ ራሱ ነው ጨዋታው» አለች።

ባህር ዳርቻ ላይ ትንሽ ቤት የተከራየችው እሷ ናት። ባለቤቴ አስቴር ከሥራ ኦፍ ስላላገኘች አልመጣችም። ስትሸኘኝ «ጌታሁን፣ እባክህ አፍህን ጠብቅ» አለችኝ። ሌላ ምክር የለም።

ሐሙስ

ግፊት 131 በ80። እርምጃ ስድስት ሺህ አራት መቶ። (ሪከርድ ነው።)

ፓርኩ ከቤቱ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ትልልቅ የኦክ ዛፎች አሉት፣ ከቅርንጫፎቻቸው እንደ ሽማግሌ ጢም የመሰለ ግራጫ ነገር ይንጠለጠላል። በአንድ በኩል አሸዋና ባህር፣ በሌላ በኩል ሰው የሚያህል ሣር የበቀለበት ረግረግ። ረግረጉ ጧት ውሃ ነበር፣ ቀትር ላይ ጭቃ ሆነ። ባህሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል።

ፓርኩ ውስጥ አምስት ሣጥን ተደብቋል። ዛሬ ሁለቱን አገኘን።

የመጀመሪያውን ምስር ናት ያገኘችው ማለት ይቻላል። ምስር ውሻዋ ናት፤ ቀለሟ ልክ እንደ ክክ ምስር ስለሆነ ስሙን ሊዲያ ናት ያወጣችላት። የወደቀ ግንድ ሥር አፍንጫዋን ከትታ አልንቀሳቀስ አለች። ገብተን ብናይ የፕላስቲክ ዕቃ! ሁለተኛውን ግን እኔ ራሴ አገኘሁት። ስልኩ አግዳሚ ወንበር ጋ አደረሰን፤ ሊዲያ ከታች ትፈልጋለች፣ እኔ ከኋላ እጄን ስሰድ ማግኔት ያላት የክብሪት ሣጥን የምታክል ነገር። «አገኘኋት!» ብዬ ስጮህ የሚያልፉ ሰዎች ዞረው አዩኝ። «ጌታሁን፣ ክላርክስተን» ብዬ ጻፍኩ። ሊዲያ እየሳቀች ፎቶ አነሳችኝ። ስትስቅ ካየኋት ስንት ጊዜ ሆነኝ?

ስለ ምስር ነገረችኝ። አውራ ጎዳና ዳር አጥር ላይ ታስራ ነው የተገኘችው። ክሊኒኩ ስትመጣ አጥንቷ ብቻ ነበር። ድንገተኛ ድምፅ ስትሰማ ታብዳለች፤ የምትሄድበትን አታውቅም።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንህ። ሊሹን፣ ገመዷን፣ እንዳትፈታ። ለአንድ ሰከንድም፣ በጭራሽ።»

«እሺ» አልኳት።

ማታ የተጠበሰ ዓሣ በላን፤ ጨው የሌለው። የፋሲካውን ነገር ላነሳ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። መልሼ ዋጥኩት።

ዓርብ

ግፊት አልለካሁም።

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጧት ሊዲያ «ሚቲንግ አለኝ፣ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ በኮምፒውተር ነው» አለች። እኔ ምስርን ይዤ ወጣሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሦስተኛውን ሣጥን ብቻዬን አግኝቼ ላስደንቃት ፈልጌ።

ሣጥኑ ረግረጉ ላይ የተሠራው የእንጨት ድልድይ ጋ ነው። ስልኩ ላይ ያለው ፍንጭ «ተንበርከክ» ይላል። ሊሹን ከድልድዩ አጥር ጋር አስሬ ተንበረከክኩ። ምስር ሸርጣን አይታ እንጨቱን ስትዞር ሊሹ ተጠመጠመባትና አንገቷን ያዛት። አለቀሰች። ልፈታታ ብዬ ክሊፑን ከአንገቷ አላቀቅኩ። እዚህ ድረስ ጥፋት የለብኝም።

ከዚያ «ቁጭ በይ» አልኳት፣ በአማርኛ። ቁጭ አለች! እንዴት እንደኮራሁ። እኔን ትሰማኛለች አልኩ። መልሼ ማሰር ነበረብኝ፤ አላሰርኩም። አንድ ደቂቃ ናት ብዬ እንደገና ተንበረከክኩ፣ ከእንጨቱ ሥር እጄን ሰደድኩ፣ ሣጥኑን ያዝኩ።

ያኔ ከታች ባለው ቦይ ያለፈች የሞተር ጀልባ እንደ ጥይት ጮኸች። ቀና ስል ምስር ከድልድዩ ዘላ ጭቃው ላይ ናት። ሣሩ ውስጥ ገባች። ዓይኔ እያየ ሣሩ ተከደነ።

ጠራኋት። ሮጥኩ፤ መሮጥ ክልክል ነው፣ ግን ሮጥኩ። ደረቴን ያዘኝ። ተቀምጬ ከምላስ ሥር የምትደረገዋን ኪኒን ወሰድኩ። እዚያው ቁጭ ብዬ ያሰብኩት ስለ ልቤ አልነበረም። ሊዲያ ምን ትለኛለች ነው።

ሦስት ጊዜ ደወልኩ፣ አላነሳችም። በአራተኛው «አባዬ፣ ሚቲንግ ላይ ነኝ እኮ!» አለች።

«ምስር ጠፋች።»

እየሮጠች መጣች፣ በነጠላ ጫማ። «የት? የት ጋ?» አለች። እኔም ፓርኪንጉ ጋ ነው አልኩ። የጭነት መኪና ጥሩምባ ነፋ፣ ደንግጣ ከነሊሹ ከእጄ አመለጠች አልኩ። ሊሹ በዚያ ሰዓት ጃኬቴ ውስጥ ነበር። ጠቅልዬ ደብቄዋለሁ።

የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው።

እስኪመሽ ፓርኪንጉንና መንገዱን ዞርን። ሊዲያ መኪና አስቆመች፣ ቤት አንኳኳች፣ ከጎዳናው ዳር ያለውን ጉድጓድ ሁሉ አየች። «ሊሹ የሆነ ቦታ ይዟት ይሆናል» እያለች ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ትገባለች። እኔ «በዚያ በኩል ልይ» እያልኩ ሁለቴ ወደ ድልድዩ ሄድኩ። ውሃው ሞልቶ ነበር። ጭቃ የነበረው ሁሉ ባህር ሆኗል። ስሟን ቀስ ብዬ ጠራሁ፤ ሊዲያ እንዳትሰማ። ይህንንም ልጻፈው፣ ቀስ ብዬ ነው የጠራሁት።

ሊዲያ ስልኳ ላይ ባለው የአምስቱም ሣጥኖች ገጽ የምስርን ፎቶ አድርጋ «በዚህ ፓርክ ጠፍታለች፣ ያያት ይደውልልን፣ አታሳድዷት» ብላ ጻፈች። ከዚያ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች።

የተሰማኝ፦ ዋሸሁ።

ቅዳሜ

ግፊት 151 በ90 (ጧት)። ማታ 128 በ78።

ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። ሊዲያ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ካርታ ዘርግታ በመንገዱ ግራና ቀኝ ክብ እየሠራች ነበር። በተሳሳተ ቦታ ላይ። ዓይኗ አብጧል። ከዚያ በላይ ማየት አልቻልኩም። ጃኬቴን አንስቼ ሊሹን አወጣሁና ካርታው ላይ አስቀመጥኩት።

አየችው። አየችኝ።

«ድልድዩ ጋ ነው የጠፋችው» አልኩ። «እኔ ነኝ የፈታኋት። ጀልባ ጮኸ። ወደ ረግረጉ ነው የሮጠችው። መኪና የሚባል አልነበረም።»

ሊሹን ከካርታው ላይ አነሳችው። ቀጥሎ ጮኸች።

«ሌሊቱን ሙሉ! አባዬ፣ ሌሊቱን ሙሉ መኪና ገጭቷት ይሆናል እያልኩ! አንድ ነገር ብቻ ነው እኮ የለመንኩህ!»

«አውቃለሁ።»

«ለምንድን ነው የዋሸኸኝ?»

«አፈርኩ። አንቺ ፊት አፈርኩ።»

በሩን ወርውራው ወጣች። ከውጭ ስታለቅስ ሰማኋት። ጥቂት ቆይታ ፊቷን ታጥባ ተመለሰች።

«ጫማህን አድርግ። የገባችበትን ቦታ አሳየኝ» አለች።

መንገድ ላይ ስልኳ ጮኸ። ዋልተር የሚባል ሰው ነው፤ የድልድዩን ሣጥን የደበቀው እሱ ነው፣ ጽሑፏን አይቶ ነው የደወለው። ጡረታ የወጣ ፖስተኛ፣ ሰባ ዓመት ያለፈው ጥቁር አሜሪካዊ። እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ቦት አድርጎ፣ ሚስቱን ግሎሪያን አስከትሎ ድልድዩ ላይ ጠበቀን። ሊዲያ እውነተኛውን ቦታ ስትነግረው በጣቱ ሣሩ መሃል ያለች ከፍ ያለች ቦታ አሳየን፤ አሥር የማይሞሉ ዛፎች ያሉባት እንደ ደሴት ያለች ነገር።

«ውሃው ሲመጣባት የምትወጣበት ደረቅ መሬት ያ ብቻ ነው» አለ። «ከወጣች ደግሞ ውሃ ከቧታል፤ ፈርታ እዚያው ናት። ረፋድ ላይ ሲጎድል በእግር ይደረሳል።»

«ከወጣች» ያለው ጆሮዬ ላይ ቀረ።

ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቅን። ሊዲያ አላናገረችኝም፣ ግን ውሃ አምጥታ «ኪኒንህን ወሰድክ?» አለችኝ። ውሃው ጎደለ፣ ጭቃው ወጣ። ልከተላቸው ስነሳ ሊዲያ እጇን ደረቴ ላይ አድርጋ መልሳ አስቀመጠችኝ። «አንተን ደግሞ መሸከም አልችልም።»

ስለዚህ ያየሁትን ሁሉ ያየሁት በግሎሪያ መነጽር ነው፤ ለወፍ መመልከቻ የያዘችው አጉሊ።

ዋልተር ከፊት፣ ሊዲያ ከኋላ፣ ጭቃው ላይ እንደ ስለት የቆመውን ኦይስተር የሚባለውን የባህር ፍጥረት ቅርፊት እየረገጡ ሄዱ። ዛፎቹ ጋ ሊደርሱ ሲሉ ቡኒ ነገር ተንቀሳቀሰ። «ናት! ናት!» አልኩ በአማርኛ። ግሎሪያ ትርጉሙን አልጠየቀችኝም፤ እጄን ያዘችኝ።

ምስር ዋልተርን ስታይ ወደ ኋላ ሸሸች። ከኋላዋ ጥልቁ ቦይ ነው። እኔ ብሆን እጠራት ነበር፣ እሮጥ ነበር፣ ቦይ ውስጥ እከታት ነበር። ሊዲያ ግን ለዋልተር በእጇ ቁም አለችው። ጀርባዋን ለውሻዋ ሰጠች። ከዚያ ቀስ ብላ ጭቃው ላይ ተቀመጠች፤ ቀጥሎም ተኛች። በጎኗ፣ ሙሉ ልብሷን፣ ጭቃ ውስጥ። አልጠራቻትም፣ አላየቻትም። እጇን ብቻ ወደ ኋላ ዘርግታ ተኛች።

ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ግሎሪያ ሃያ ደቂቃ ነው ትላለች። ሊዲያ አንዴም አልተነቃነቀችም። ምስር አንድ እርምጃ ትመጣለች፣ ትቆማለች። ትመለሳለች። ደግሞ ትመጣለች። በመጨረሻ በሆዷ እየተሳበች መጥታ አፍንጫዋን እጇ ላይ አደረገች። ያን ጊዜም ሊዲያ አልቸኮለችም። መጀመሪያ ጣቷ፣ ቀጥሎ እጇ፣ ቀጥሎ ሊሹ። ክሊፑ ሲገባ በመነጽር አየሁት።

እዚያው ድልድይ ላይ አለቀስኩ። ስቅስቅ ብዬ፣ ድምፅ አውጥቼ። ግሎሪያ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ።

ውሻ አጣቢ ብዬ ነበር እኮ።

የምስር መዳፍ በቅርፊቱ ተቆራርጧል። ቤት አምጥተን ሊዲያ አጠበችው፣ ስንጥሩን በወረንጦ አወጣች፣ በፋሻ ጠቀለለች። እኔ ጭንቅላቷን ያዝኩ። ሊዲያ «አጥብቀህ አይደለም፣ እንዲህ» ብላ እጄን አስተካከለችው። ስትሠራ አፏ ዝም፣ እጇ ፈጣን። የከተማው የእንስሳት ሐኪም ጋም ወሰድናት፤ አይቷት «ይህን ማን ነው የጠቀለለው?» አለ። «ልጄ» አልኩ። ማንም ሳይጠይቀኝ ደግሜ «ልጄ ናት» አልኩት።

እሑድ

ግፊት 126 በ78። እርምጃ አንድ ሺህ። ምስር መራመድ ስለማትችል እኛም አልተራመድንም።

ጧት አስቴር ደወለች። ሁሉንም ነገርኳት፣ ሊሹን መደበቄን ጭምር። ከዚያ «ነገርካት?» አለች። «ነገርኳት።» «ጎሽ» አለች።

ሦስታችንም በረንዳ ላይ ዋልን፤ ምስር መሃል ላይ፣ ሁለት እግሯ ነጭ ፋሻ። ሊዲያ ስልኳን አሥር ጊዜ ታያለች፣ መልሳ ትገለብጠዋለች። ምን እንደሆነ ጠየቅኳት። ነገረችኝ።

ዓርብ ዕለት ሚቲንግ አልነበረም። ፈተና ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ማታ ማታ በኮምፒውተር የእንስሳት ነርስነት ትማራለች። ክሊኒኩ ውስጥ ማደንዘዣ ትሰጣለች፣ ኤክስሬይ ታነሳለች፣ ኦፕራሲዮን ላይ ትቆማለች። የመጨረሻው ኮርስ ነው። ስደውልላት ግማሹን ጥያቄ ሳትመልስ ኮምፒውተሩን ትታ ነው የሮጠችው። ሲስተሙ ዘግቶባታል። ለመምህሯ ጽፋለች፤ መልስ የለም። ካልፈቀዱላት ኮርሱን ከመጀመሪያው መድገም ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ብወድቅስ?» አለች። «ሁለተኛም አቋረጥኩ ማለት አይደለም? ያን ቀን እንግዶቹ ሲስቁ አስታውሳለሁ፣ አባዬ።»

ስለዚህ እሷም ደብቃኝ ኖሯል፣ እኔው ስለማሳፍራት።

ያን ጊዜ የዋጥኩትን ተፋሁት። «በፋሲካው ቀን ያልኩሽ ጥፋት ነው» አልኳት። «ቀልድ መስሎኝ አይደለም፤ ላሳምምሽ ብዬ ነው ያልኩት። የምትሠሪውን ምንም አላውቅም ነበር። ትናንት አየሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ይቅርታ የሚለውን ቃል ለልጄ ብዬ አላውቅም። አባቴም ለእኔ አላለኝም። ቀላል ቃል አይደለም።

ሊዲያ ወንበሯን ሳበችና ትከሻዬ ላይ ራሷን አደረገች። ምስር ቀና ብላ አየችን፣ ደግሞ ተኛች። እንዲያ ሆነን ውሃው ሲሞላ አየን።

ሰኞ

ግፊት 124 በ76።

ስንወጣ ዋልተር ሊሰናበተን መጣ። ቀሪዎቹን ሁለት ሣጥኖች ሳናገኝ መሄዳችን አሳዘነው። «የት ጋ እንዳሉ ልንገራችሁ?» አለ። ሊዲያም እኔም እኩል «አይ!» አልን። በጣም ሳቀ።

እኔ እየነዳሁ፣ እሷ ከጎኔ፣ ምስር ከኋላ ተኝታ። ለመኪናው ሐኪሙ ኪኒን ሰጥቷታል፤ እስካሁን ደህና። ሳቫና ከተማን አልፈን ትንሽ እንደሄድን የሊዲያ ስልክ ድምፅ አሰማ። አየችውና ፊቷ ተለወጠ።

«መምህሬ ናት። አባዬ፣ ፑል ኦቨር አድርግ፣ ዳር ያዝ። አንተ አንብበው፣ እኔ አልችልም።»

ማረፊያው ውስጥ ገብቼ ፓርክ አደረግኩ። መነጽሬን ፈለግኩ፤ ስቸኩል ወንበር ሥር ጣልኩት፣ ሊዲያ አነሳችልኝ። እሷ ዓይኗን ጨፍናለች። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። መምህሯ ስለ ውሻዋ መገኘት ደስ ብሏታል። ሊዲያ የላከችላትን የእንስሳት ሐኪሙን ወረቀት አይታለች። ፈተናውን ሐሙስ እንደገና መውሰድ ትችላለች፣ ከመጀመሪያው ጥያቄ።

«ሐሙስ?» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ሐሙስ።»

«እርግጠኛ ነህ? ደግመህ አንብበው።»

ደግሜ አነበብኩት። መኪናውን ከፍታ ወጣችና ሣሩ ላይ ሁለቴ ዞረች። ተመልሳ ገብታ አፍንጫዋን ጠረገች። «ኦኬ። ሦስት ቀን ነው ያለኝ። አንተ ጠይቀኝ፣ እኔ ልንዳ» አለች።

ቦታ ተቀያየርን። አራት ሰዓት ሙሉ ከማስታወሻዋ ጠየቅኳት። የውሻ ጥርስ ስንት ነው? የድመት የልብ ምት? ይህ መድኃኒት ለሃያ ኪሎ ውሻ ስንት ይሰጣል? የላቲኑን ስም ስጠራው በሳቅ ትሞታለች፤ ከዚያ ታርመኛለች። ያልመለሰችውን ምልክት አደረግኩበት። መልሳ ስትመልሰው ምልክቱን ሰረዝኩት። አትላንታ መግቢያ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምን፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በትራፊክ ደስ አለኝ።

ክላርክስተን ስንደርስ ገና አልመሸም። ፓርክ አደረገች፣ ሞተሩን አጠፋች፣ ግን አልወረድንም። አስቴር መስኮቱን ከፍታ «ምን ትሠራላችሁ እዚያ? አትገቡም እንዴ?» ብላ ጮኸች። እጄን አውጥቼ ቆይ አልኳት። አምስት ጥያቄ ቀርቶን ነበር።